ዓይን ፈላጊው ፎከስ ጣና ዳር ሲፈተን፦ ካኖን አር 6 ማርክ 2

ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ቦርሳውን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚወጣው የታወቀ ነው፦ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ወይም 6ዲ፣ አንድ 70-200 ሌንስ፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ፍላሽ። ይህ ግምገማ ለዚህ ቦርሳ ባለቤት የተጻፈ ነው። ሌንሶቹን ይዞ ቦዲውን ብቻ ወደ አር 6 ማርክ 2 ቢቀይር ፎከስ ላይ ምን ያገኛል? ምን አዲስ ጣጣስ ይገጥመዋል? ካሜራው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲወጣ ቦዲው ብቻ 2,499 ዶላር ነበር። የብር ዋጋው እንደ ምንዛሬውና እንደ አምጪው ስለሚዋዥቅ እዚህ አንጽፈውም።

ቁርጡን ከወዲሁ እንናገር። ለሰው ፊት ይህ ካሜራ ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም። ለጣና ውኃ፣ ለገዳም ሥዕልና ለጥምቀት ሕዝብ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ የተጠቀመበት ሰው ብዙ ፎቶ ይጥላል።

እንደ 5ዲና 6ዲ ባለው ባለ መስተዋት ካሜራ (አር 6 ማርክ 2 መስተዋት የለውም) ፎከስ የሚለካው ፎቶው በሚቀረጽበት ሴንሰር ላይ አልነበረም። ከዋናው መስተዋት ጀርባ ያለች ትንሽ መስተዋት ብርሃኑን ወደ ካሜራው ወለል ትልከዋለች፤ እዚያ የተቀመጠ ሌላ ሴንሰር ይለካዋል። የሁለቱ መንገድ ርዝመት በፀጉር ስፋት ከተለያየ ካሜራው «ያዝኩ» ብሎ ጢጥ ይላል፣ ፎቶው ላይ ግን ጠርቶ የሚታየው የሙሽራዋ ጆሮ ነው፤ ዓይኗ ደብዝዟል። 5ዲ ማርክ 3 ሜኑ ውስጥ ከ20 ሲቀነስ እስከ 20 ሲደመር የሚሄድ ማስተካከያ የተቀመጠው ለዚህ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለብቻው እየሞከሩ መሙላት ነበረባችሁ። አር 6 ማርክ 2 ላይ መለኪያውም መቅረጫውም አንድ ሴንሰር ነው። እያንዳንዷ ፒክሰል ግራና ቀኝ ሆና ለሁለት ተከፍላለች። ግራዎቹ አንድ ምስል ያያሉ፣ ቀኞቹ ሌላ፤ ሁለቱ እስኪገጥሙ ሌንሱ ይንቀሳቀሳል። ያ ማስተካከያ ከሜኑው ጠፍቷል፣ የሚፈልገውም የለም። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ሲባል ቦዲውን የሚቀይር ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ትርፍ የፎከስ ነጥቡ ቦታ ነው። የ5ዲ ማርክ 3 61 ነጥቦች መሐል ላይ የተሰበሰቡ ናቸው፤ 6ዲ ደግሞ 11 ብቻ አሉት፣ ከእነርሱም የሚታመነው የመሐሉ ነው። ስለዚህ የለመድነው ዘዴ የመሐሉን ነጥብ ዓይን ላይ አድርጎ ፎከስ መያዝ፣ ከዚያ ካሜራውን አዙሮ ፍሬሙን ማስተካከል ነበር። ሒሳቡን እንየው። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 1.8 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከ2 ሜትር ርቀት ጠርቶ የሚታየው ውፍረት በጠቅላላው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዓይኑ ፊት 3፣ ከኋላው 3። ፎከስ ከያዛችሁ በኋላ ካሜራውን 10 ዲግሪ ብታዞሩ የጠራው ቦታ ከዓይኑ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ያላችሁን ሁሉ በላችሁት ማለት ነው፤ ሙሽራዋ ትንሽ ከተነፈሰች ያልቃል። አዲሱ ካሜራ እስከ ፍሬሙ ጠርዝ ድረስ በ1,053 ቀጠና ስለሚለካ መጀመሪያ ፍሬሙን ትሠራላችሁ፣ ዓይኑን እርሱ ባለበት ይይዘዋል። የቆየው የጣት ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም። ካሜራው ዓይን ይዞ እያለ ካሜራውን ማዞር የሚቀጥሉ አሉ፤ አይጎዳም፣ ድካም ነው።

ሠርግ ላይ የሚሠራው አቀማመጥ የሚከተለው ነው። ከሜኑው ሮዝ የኤኤፍ (የራስ ሰር ፎከስ) ገጽ «ሰብጀክት ቱ ዲቴክት» የሚለውን «ፒፕል» ላይ፣ ኤኤፉን «ሰርቮ» ላይ (የሚንቀሳቀስን ነገር ሳያቋርጥ እንዲከተል) አድርጉ። ከዚያ ቁልፎቹን ቀይሩ፦ የሹተሩ ግማሽ ጭነት ብርሃን ብቻ ይለካ፤ ከኋላ ያለው «ኤኤፍ ኦን» በአንድ ነጥብ ፎከስ ይያዝ፤ ከጎኑ ያለችው ባለ ኮከቧ ቁልፍ «አይ ዲቴክሽን ኤኤፍ» ትሁን። አሁን አውራ ጣታችሁ ሁለት ምርጫ አለው። ፊት ሲፈለግ ኮከቧ፤ ቀለበት፣ ኬክ፣ የጥለት ጠርዝ ሲፈለግ «ኤኤፍ ኦን»። ሜኑ ውስጥ መግባት የለም። ብዙ ሰው ዓይን ፈላጊውን ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ ይተወውና ሙሽራው የሚያጠልቀውን ቀለበት ሊያነሳ ሲል ካሜራው ከበስተጀርባ ያለ ሚዜ ዓይን ላይ ሲዘል ይናደዳል። ካሜራው የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ቬሎው ፊቷን ሲሸፍን ሁኔታው ይለያል። ስሱ ቬሎ ከሆነ ዓይኗን አልፎ ያገኘዋል፤ ዶቃ የተደረደረበት ወይም ጥልፍ የበዛበት ከሆነ ቬሎው ላይ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን የፎከሱን ሳጥን ትንሽ አድርጋችሁ በ«ስፖት» ዓይኗ ላይ ማሳረፍ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ሁለት ነገር ይበላሻል። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዋልላሉ። ካሜራውን በኤሌክትሮኒክ ሹተር፣ በሰከንድ 40 ፎቶ አድርጋችሁ ብታነሱ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ይሰመርበታል። አዳራሽ ውስጥ ሜካኒካል ሹተር ተጠቀሙ፤ በሰከንድ 12 ይበቃል፤ ከዚያ «አንቲ ፍሊከር» ይከፈት። ሁለተኛው ፍላሽ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሹተር ፍላሽ አይሠራም። በአሮጌው ካሜራ ላይ ጨለማ ውስጥ ያግዝ የነበረው የካኖን 600 ፍላሽ ቀይ መስመርም ለዚህ ካሜራ አይሠራም፤ የሚያግዘው ከቦዲው የምትወጣው ትንሽ መብራት ናት፣ እርሷም ቅርብ ብቻ ነው የምትደርሰው። በዚያ ላይ በሌላ ድርጅት ትሪገር ስቱዲዮ ፍላሽ የሚያበሩ ሰዎች ቪው ፋይንደሩ (ዓይን የሚጠጋበት መስኮት) ጨለማ ሆኖባቸው «ተበላሸ» ይላሉ። ካሜራው 1/200 ሰከንድና ኤፍ 8 ላይ የሚወጣውን ፎቶ ያለ ፍላሹ አስቀድሞ እያሳያቸው ነው። «ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን» የሚለውን መዝጋት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ እንውረድ፤ ይህ ካሜራ በእውነት የሚፈተነው እዚያ ነው። ፒክሰሏ ግራና ቀኝ ሆና መከፈሏን ከላይ አይተናል። ግራና ቀኝ የሆነ ዓይን ቀጥ ብሎ የቆመን መስመር በደንብ ይለየዋል፤ መስመሩ በግራኛው ምስል እዚህ፣ በቀኝኛው እዚያ ይታያል፣ ልዩነቱ ይለካል። ፍጹም አግድም የሆነ መስመር ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢገፋ ያው ራሱ ነው። ካሜራው የሚለካው ልዩነት የለውም። ጣና ላይ ደግሞ ያለው ምንድን ነው? ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ውኃው ሲረጋ አድማሱ አግድም ነው፣ የደሴቱ ዳርቻ አግድም ነው፣ የደንገል ታንኳው ጎን አግድም ነው። ሳጥኑን አድማሱ ላይ ስታሳርፉ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ሲባዝን ታዩታላችሁ። እዚያው ፊት ለፊት የበቀለው ደንገል ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ብርሃን ያረፈበት፣ ለዚህ ካሜራ የተዘጋጀ ድግስ ነው። ታንኳው ላይ ያነጣጠረ ፎከስ ዘልሎ ደንገሉን የሚይዘው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ሜኑ ውስጥ አይገኝም። ካሜራውን ዘንበል አድርጉት። በ20 ወይም በ30 ዲግሪ ቢያጋድል አግድሙ መስመር ሰያፍ ይሆናል፣ ፎከሱ ወዲያው ይይዛል። «ኤኤፍ ኦን»ን ልቀቁት፣ ካሜራውን አቅኑ፣ ሹተሩን ጫኑ። ፎከስ ከሹተሩ የተለየው ለዚህም ይጠቅማል። ካሜራውን ለቁም ፎቶ ብታዞሩትም ያው ነው፤ ያኔ በተራው የደንገሉ አገዳ ይቸግረዋል፣ አድማሱ ይቀለዋል። ታንኳው ላይ ሰው ካለ ደግሞ ከታንኳው ጋር መታገል አያስፈልግም፤ መቅዘፊያው ሰያፍ ነው፣ ሰውየውም ፊት አለው። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ነጥቦች ነበሯቸው፤ ቁሙንም አግድሙንም ያዩ ነበር። 5ዲ ማርክ 3 ላይ ከ61ዱ 41 እንዲህ ያሉ ናቸው። በዚህ በአንዱ ነገር አሮጌው ይበልጣል፣ ይህን ደግሞ ሻጩ አይነግራችሁም።

ዘጌ ላይ የሚገጥመው ጣጣ ሌላ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አንድ ካህን ፊት ለፊቱ ቆመው ካሜራው «ፒፕል» ላይ ከሆነ፣ ፊት ፈላጊው ከካህኑ ኋላ አንድ መንደር ሕዝብ ያገኛል። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን ፊታቸውን ሙሉ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊት ፈላጊው የሚቀናውም ወደ እኛ የዞረ ባለ ሁለት ዓይን ፊት ነው፤ ስለዚህ ካሜራው ሲስት እንኳ ወደ ጻድቁ ነው የሚስተው። ካህኑ ወደ ጎን ዞር ካሉማ የግድግዳው መልአክ ያሸንፋቸዋል። እዚህ ቦታ «ሰብጀክት ቱ ዲቴክት»ን «ነን» ላይ አድርጋችሁ በአንድ ነጥብ ሥሩ። ወይም ካህኑን ብቻ የሚይዝ ትንሽ «ፍሌክሲብል ዞን» ከፍታችሁ «ሆል ኤሪያ ትራኪንግ ሰርቮ ኤኤፍ»ን ዝጉት፤ ያ ካልተዘጋ ከሳጥኑ ወጥቶ ግድግዳውን መቃኘቱን አይተውም።

ፍላሽ ለጥንታዊ ሥዕል አይደረግም፤ ማንሳቱንም አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ከበሩ የሚገባው ብርሃንና የጧፉ ነው። ካኖን ይህ ካሜራ ከ0 በታች እስከ 6.5 ኢቪ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ጨለማ ውስጥ ፎከስ ይይዛል ይላል፤ ነገር ግን ያ የተለካው በኤፍ 1.2 ሌንስና በመሐሉ ነጥብ ነው። በኤፍ 4 ሌንስ የሚገባው ብርሃን በሦስት ስቶፕ ተኩል ያህል ያንሳል፤ አንድ ስቶፕ ሲቀነስ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። 24-105 ይዞ ገብቶ «የተጻፈው ውሸት ነው» ማለት አይገባም። አሮጌው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 እዚህ ከውዱ ዙም ይሻላል። አንድ ብልሃት እንጨምር፦ ነጭ ነጠላ ሜዳው ላይ ካሜራው የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ ሳጥኑን ወደ ጥለቱ፣ ወደ መቋሚያው ጫፍ ወይም ወደ ጽናጽሉ ውሰዱት።

ጥምቀት ላይ ችግሩ ሕዝቡ ነው። ፊታችሁ ጥላ፣ ድባብ፣ የተነሣ እጅ፣ ሌላ ስልክ እየቆረጠ ያልፋል። ሁለት ቦታ ብቻ አስተካክሉ። የሰርቮውን «ኬዝ 2» ምረጡ፤ መሐል የገባውን ነገር ችላ ብሎ የያዘውን ይጠብቃል። ከዚያ «ስዊቺንግ ትራክድ ሰብጀክትስ» የሚለውን «ኢኒሻል ፕራዮሪቲ» ላይ አድርጉ፤ መጀመሪያ ያሳያችሁትን ሰው ትቶ ወደ ሌላ እንዳይሄድ። «ኬዝ 3» ተቃራኒው ነው፤ ድንገት የገባውን ወዲያው ይይዛል። ሕዝብ ውስጥ እርሱን የመረጠ ሰው የሚያገኘው የስልክ ጀርባ ነው። በድባብ ጥላ ሥር ያለ ፊት ጀርባው ፀሐይ ከሆነ ካሜራው ዓይኑን ለማግኘት ይዘገያል፤ ብርሃኑን በአንድ ስቶፕ ከፍ ብታደርጉት ፎከሱም ይረዳል፤ የሚያየው ያንኑ እናንተ የምታዩትን ምስል ነውና።

የአዊ ፈረሰኞችን ለሚያነሱ አጭር ማስታወሻ፦ «አኒማልስ» ፈረስንም ያውቃል፤ ሰውንም ያያል፣ ግን ቅድሚያው ለፈረሱ ነው። የጋላቢው ፊት ከተፈለገ «ፒፕል» ይሁን።

ወፍ ለማንሳት ከሁሉ የሚቀለው ፔሊካን ነው፤ ትልቅ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ «አኒማልስ» ላይ ዓይኑን ወዲያው ያገኘዋል። ከባዷ ኪንግፊሸር የሚሏት ጥቁርና ነጭ ወፍ ናት፤ አየር ላይ ቆማ ታርገበግብና እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። ለእርሷ «ሮው በርስት» አለ፤ በሰከንድ 30 ፎቶ፣ ሹተሩን ከመጫናችሁ ግማሽ ሰከንድ በፊት ያለውንም ያስቀምጣል። ዋጋው ግን አለው። ፎቶዎቹ ባንድ ፋይል ታሽገው ስለሚቀመጡ አንድ በአንድ ማውጣት ይጠይቃል፤ ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ስለሚነበብ የምታርገበግብ ክንፍ ጎበጥ ብላ ልትወጣ ትችላለች። ፎከሱ ልክ ሆኖ ቅርጹ የተጣመመ ፎቶ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ያለአግባብ ፎከሱን ይወቅሳል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ በ400 ሚሊ ሜትር ውኃውን አሻግሮ ዓሣ በል ንስር ያነሳ ሰው ፎቶው ቢደበዝዝ ካሜራውን ይጠረጥራል፤ ያደበዘዘው የሞቀ አየር መርገብገብ ነው፣ የትኛውም ፎከስ አያልፈውም። ለመለየት ፎቶውን አጉልታችሁ ተመልከቱ። ከፊት ወይም ከኋላ የጠራ ነገር ካለ ፎከሱ ስቷል። የትም የጠራ ከሌለና ሁሉም ወዳንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጅ ወይም ጀልባው ተንቀሳቅሷል፤ ሹተሩን ከ1/1000 በላይ አድርጉት። መስመሮቹ ከተወላገዱና በተከታታይ ፎቶዎች ላይ ቅርጻቸው ከተለዋወጠ የሞቀው አየር ነው፤ በጠዋት ተመለሱ። ፎቶ ሲታይ የፎከሱን ነጥብ እንዲያሳይ የሚያደርገውም ሜኑ አለ፤ ይከፈት።

ጢስ ዓባይ ላይ በክረምቱ ማብቂያ ወንዙ ሲሞላ ጢሱ ራሱ በፊታችሁ እያለፈ ፎከሱን ያታልላል። ከፏፏቴው ጎን ያለ ዓለት ላይ ያዙ፣ ከዚያ ሌንሱን ወደ ማኑዋል አድርጉት፣ ብርሃን የሚቀንሰውን ጥቁሩን ኤንዲ ፊልተር ያኔ ግጠሙ። ቦዲው የውኃ ፍንጣቂ ይችላል፤ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ቱ ግን አይችልም።

ወደ ሌንሶቹ ስንመለስ፣ አሮጌዎቹን (ኢኤፍ) ሌንሶች ከአዲሱ (አርኤፍ) ቦዲ ጋር የሚያገናኘው የካኖን አዳፕተር ውስጡ መስታወት የለበትም፤ የ24 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚሞላ ቱቦ ነው፣ ስለዚህ የምስሉን ጥራት አይነካም። 70-200 ኤፍ 2.8 ማርክ 2 በዚህ ቦዲ ላይ ከቀድሞው ይልቅ ያምርበታል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሞተሩ አሮጌ ስለሆነ ዓይኑን ካሜራው ቢያገኝም ሌንሱ ቶሎ አይደርስም። የሌላ ድርጅት አሮጌ ሌንስ ካላችሁ ሳትሞክሩ አትግዙ።

የ5ዲ ባትሪዎቻችሁ ይገባሉ፤ ነገር ግን በአሮጌዎቹ የፎቶው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሙሉውን የሚሰጠው ኤልፒ ኢ6ኤንኤች የሚባለው ነው። በአንድ ባትሪ 950 ፎቶ የሚባልለትን 5ዲ የለመደ ሰው እዚህ በቪው ፋይንደር፣ በቁጠባ ዘዴ 450 ያህል የሚል ቁጥር ያነብባል። በተከታታይ ሲነሳ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፣ ግን ከዋዜማ እስከ መልስ ለሚሠራ ሦስት ባትሪ ይያዝ።

ገንዘቡ ለማይደርሰው አር 8 የሚባለው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ1,499 ዶላር የወጣ፣ ሴንሰሩም ፎከሱም ያው የሆነ። የጎደለው አንድ ካርድ ብቻ መያዙ፣ ቦዲው ውስጥ መንቀጥቀጥ መከላከያ አለመኖሩና ባትሪው ትንሽ መሆኑ ነው። ለቱሪስት ፎቶና ለተማሪ ይበቃል። ለሠርግ ግን አንመክረውም፤ አንድ ካርድ ሲበላሽ ሠርጉ አይደገምም።

ሊገዙ ሲሄዱ የራስን ሌንስና አዳፕተር ይዞ መሄድ ነው። ባትሪ አስገቡ፣ የሱቁን መደርደሪያ አግድም ጠርዝ በአንድ ነጥብ ያዙ፤ ይባዝናል፣ ይባዝን። ካሜራውን አጋድሉት፤ ወዲያው ካልያዘ ችግሩ ከሌንሱ ሞተር ወይም ከአዳፕተሩ መዳቦች ነው። መዳቦቹን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጉና አንዴ ደግማችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልያዘ በሻጩ ሌንስ ሞክሩት፤ ያኔ የሚመለሰው ቦዲው ይሁን ሌንሱ እዚያው ይታወቃል።